የማንም ያልሆነ አዳራሽ፦ የጄኔቫ የመኪና አውደ ርዕይ ታሪክ

(ለአውቶሞቲቭ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሎ የቀረበ። ዓመቶቹና ወሮቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ። ከወርክሾፑ በር አጠገብ የቆመችውን ሰማያዊና ነጭ ሰይቼንቶ፣ ያቺን ትንሽ መኪና፣ ሳታዩ የገባችሁ አይመስለኝም። ሁለት ሦስታችሁ ተደግፋችኋት ፎቶ ስትነሱም አይቻለሁ። ያመጣኋት ለጌጥ አይደለም። የዛሬው ወሬያችን እሷ ጋ ነው የሚያልቀው። ከዚያ በፊት ግን እሷ ለዓለም ከታየችበት ቀን ሃምሳ ዓመት ወደ ኋላ እንመለስና ጄኔቫ እንግባ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር አስቡልኝ። ዛሬ አዲስ መኪና ለማየት መንገድ ዳር መቆም ይበቃል፤ ስልክ መክፈትም ይበቃል። በ1890ዎቹ ግን መኪና ስሙ የተሰማ፣ መልኩ ያልታየ ነገር ነበር። የታየውም ቢሆን መሄዱን ማን ያምናል? በ1897 በርሊን ውስጥ በአንድ ሆቴል ስምንት መኪኖች ተደርድረው ለሕዝብ ታዩ። በዓመቱ ፓሪስ በቱይለሪ የአትክልት ስፍራ ትልቅ አውደ ርዕይ ስትከፍት አዘጋጆቹ አንድ ደንብ አወጡ፤ መኪናውን ማሳየት የፈለገ ሁሉ አስቀድሞ ከፓሪስ ተነሥቶ ቬርሳይ ደርሶ በራሱ ሞተር መመለስ አለበት። ሄዶ ያልተመለሰ ቦታ የለውም። ይህን ደንብ በጣም እወደዋለሁ። እናንተም ሞተር ፈትታችሁ ስትገጥሙ እኔ የምጠይቃችሁ ይኸንኑ ነው፤ ይነሣና ይሂድ፣ ከዚያ እንነጋገራለን።

ጄኔቫ ከነዚህ ከተሞች ዘግይታ ነው የመጣችው። ከኤፕሪል 29 እስከ ሜይ 7 ቀን 1905 የስዊዘርላንድ ብሔራዊ የመኪናና የብስክሌት አውደ ርዕይ ተከፈተ። አቅራቢዎቹ 37 ነበሩ፤ ጎብኚዎቹ ደግሞ 17 ሺህ ገደማ። ብስክሌትና መኪና በአንድ ጣሪያ ሥር መሆናቸውን ልብ በሉ፤ ያኔ ሁለቱም ከአንድ ቤተሰብ ነበሩ፤ ብዙዎቹ መኪና ሠሪዎች እጃቸውን ያፍታቱት በብስክሌት ነው። በ1906 ጄኔቫ ደገመችው፤ በ1907 ዙሪክ ወሰደችው፤ ከዚያ ተቋረጠ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጥቶ አልፎም እስከ 1923 ድረስ አልተመለሰም።

ስዊዘርላንድ ያኔ መኪናን እጇን ዘርግታ የተቀበለች አገር አልነበረችም። በምሥራቅ በኩል ያለው ተራራማው የግራውቡንደን ካንቶን፣ ማለትም ክፍለ ግዛት፣ በ1900 መኪና በመንገዶቹ እንዳይሄድ ከለከለ፤ ክልከላውም እስከ 1925 ጸና። ሕዝቡ ደጋግሞ ድምፅ እንዲሰጥ ተጠይቆ ደጋግሞ «አይሆንም» ብሏል። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ገደል ነው፣ ፈረስና ሠረገላ ይሄድበታል፤ በዚያ ላይ የሚጮህና አቧራ የሚያስነሣ ነገር ሲመጣ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። በዚህች አገር ነው እንግዲህ በኋላ የዓለም መኪና ሠሪዎች ሁሉ በየዓመቱ በማርች ወር የሚሰበሰቡበት አዳራሽ የተገኘው።

አሁን ስለ መጀመሪያው አዳራሽ ልንገራችሁ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ አትቆጡኝ።

የ1905ቱ አውደ ርዕይ የተካሄደበት ሕንፃ ባቲማን ኤሌክቶራል ይባል ነበር፤ የምርጫ ሕንፃ ማለት ነው። በ1855 የተሠራው የጄኔቫ ሰዎች ተሰብስበው ድምፅ እንዲሰጡበት ነው። ሰፊ አዳራሽ ስለሆነ ምርጫ በሌለበት ጊዜ ለኤግዚቢሽኑም ለስብሰባውም ይውል ነበር። በ1930 ደግሞ የመንግሥታት ማኅበር የራሱ አዳራሽ እስኪያልቅ ድረስ ጠቅላላ ጉባኤውን እዚያ ማድረግ ጀመረ። እናም ጁን 30 ቀን 1936 ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስለ አገራቸው በአማርኛ የተናገሩት፣ የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያቋርጧቸው ሞክረው ከአዳራሹ የተባረሩበት፣ ፎቶግራፉን ሁላችንም የምናውቀው ያ ንግግር የተደረገው በዚያው ሕንፃ ውስጥ ነው። ብዙ ሰው ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት ባለበት በፓሌ ደ ናሲዮን የተናገሩ ይመስለዋል። የዚያ የጉባኤ አዳራሽ ግን ገና አልደረሰም ነበር።

ይህን ባወቅሁ ጊዜ ለብዙ ቀን ከአእምሮዬ አልወጣም። ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት ብስክሌትና መኪና ተደርድሮበት፣ ሰው ልጁን ይዞ «ይህ ምንድን ነው?» እያለ በተዘዋወረበት ቤት፣ አንድ የተወረረ አገር መሪ ቆሞ ፍርድ ጠየቀ። የጠየቀውም ከሞተር ጋር የተያያዘ ነው። በዚያ ጦርነት ከሰማይ መርዝ የረጨው አውሮፕላን ነው። በሰሜን ግንባር በጭነት መኪና የተጓዘ ሠራዊት ነው የመጣብን። ከፊቱ ያስቀደማቸው ትንንሽ ታንኮች ደግሞ ፊያት አንሳልዶ የሚል ስም ነበራቸው። ፊያት የሚለውን ስም ያዙልኝ፤ እንመለስበታለን።

ሕንፃው በ1964 ተቃጠለ። ዛሬ በቦታው የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ሕንፃ ቆሟል።

ለምን ጄኔቫ? ንጉሠ ነገሥቱም መኪና ሠሪዎቹም ወደዚያች ከተማ የሄዱበት ምክንያት አንድ ነው ብዬ አምናለሁ። የማንም ወገን አይደለችም ተብላ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ የጠየቁትን ፍርድ አላገኙም፤ ድምፃቸው የሚሰማበትን መድረክ ግን አግኝተዋል። ለመኪና ሠሪዎቹ ይኸው ገለልተኛነት ገበያ ሆነላቸው።

በማርች 1924 አውደ ርዕዩ «ዓለም አቀፍ» የሚለውን ስም ይዞ ተከፈተ። የኋላው ቆጠራ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ወደ 200 የሚጠጉ አቅራቢዎች መጡ፤ ጎብኚው 68 ሺህ ገደማ ደረሰ። የምርጫ ሕንፃው ብቻውን አልበቃ ስላለ ተጨማሪ ጊዜያዊ ዳስ ተሠራ። በ1926 ፕላንፓሌ በሚባለው ሰፈር ለኤግዚቢሽን ተብሎ የታነጸ አዳራሽ ተመረቀ፤ አውደ ርዕዩ ከዚያ ወዲያ ከሃምሳ ዓመት በላይ እዚያው ኖረ።

ስዊዘርላንድ መኪና ሞክራ የማታውቅ አገር አይደለችም። ፒክ ፒክ የሚባለው መኪና የጄኔቫ ልጅ ነው። ማርቲኒ የሚባልም ነበራቸው። ገበያቸው ትንሽ ነበርና አልዘለቁም፤ ማርቲኒ በ1934 ዘጋ። ሳውረር የጭነት መኪና መሥራቱን ቀጠለ። ባለሙያዎቿ ግን ሌላ አገር ሄደው ስም ተከሉ። ሂስፓኖ ሱዊዛን ባርሴሎና ላይ የፈጠረው ማርክ ቢርኪክት ጄኔቫ የተወለደ ነው። የሼቭሮሌ መኪና ስሙን የወሰደበት ሉዊ ሼቭሮሌም ላ ሾ ደ ፎን በምትባል የስዊዝ ከተማ ነው የተወለደው።

የአገሪቱ መኪና ሠሪ መጥፋቱ ለአውደ ርዕዩ በጎ ሆነ። ፓሪስ ላይ ፈረንሳዮቹ ባለቤት ናቸው። ቱሪን የፊያት ቤት ነው። ፍራንክፈርት ላይ መርሴዲስ አንድ ትልቅ አዳራሽ ለብቻው ይይዝ ነበር። ጄኔቫ ላይ የቤት ልጅ የለም፤ ሁሉም እንግዳ ነው። አንድ ትንሽ ጣሊያናዊ ካሮሴሪያ፣ ማለትም በሌላ ሰው ሻንሲ ላይ ላሜራ ቀጥቅጦ ገላ የሚያለብስ ቤት፣ ከግዙፎቹ አጠገብ ቆሞ እኩል ይታያል። ፒኒንፋሪና፣ በርቶኔ፣ በኋላም ኢታልዲዛይን በየዓመቱ ሥራቸውን ይዘው የአልፕስ ተራራን እየተሻገሩ የመጡት ለዚህ ነው።

ከ1940 እስከ 1946 በጦርነቱ ምክንያት ቀረ። በ1947 አሥራ ሰባተኛው ተከፈተ።

ወደ ሰይቼንቶዋ ደረስን። ማርች 1955 ነው። ፊያት አዲሷን ትንሽ መኪናውን የገለጠው አገሩ ቱሪን ላይ አልነበረም፤ ጄኔቫ ላይ ነው። ስሟ 600፣ በጣሊያንኛ ሰይቼንቶ። ዋጋዋ 590 ሺህ ሊሬ። ኢንጂነሯ ዳንቴ ጃኮሳ ነው። ይህን ስም በማስታወሻችሁ ጻፉት፤ በዚህ ሙያ ውስጥ እሱን ያህል የማከብረው ሰው ጥቂት ነው። የተሰጠውን ሥራ አስቡት፤ አራት ሰው የሚቀመጥባት፣ ከ600 ኪሎ የማትበልጥ፣ ደመወዝተኛ የሚገዛት መኪና። ሞተሩን ከኋላ አደረገው። ሞተር ከኋላ ሲሆን ጉልበትን ከፊት ወደ ኋላ የሚያመላልሰው ረጅም ዘንግ ይቀራል፤ ክብደት ይቀንሳል፣ ወለሉ ዝቅ ይላል፣ ለእግር ቦታ ይገኛል። 633 ሲሲ፣ አራት ሲሊንደር፣ በውኃ የሚቀዘቅዝ፣ 21.5 የፈረስ ጉልበት። ራዲያተሩንም ከፊት አላስቀመጠውም፤ ከኋላ ከሞተሩ ጎን አስገባው፤ ከራዲያተሩ የሚወጣውን ሙቅ አየር ደግሞ በክረምት ለተሳፋሪ ማሞቂያ አዋለው። አንድ ነገር ሁለት ሥራ ይሠራል። ጥሩ ኢንጂነር የምለው እንዲህ ያለውን ነው። ጠቅላላ ርዝመቷ 3 ሜትር ከ20 ገደማ ነው፤ ከዚህ ጥቁር ሰሌዳ ብዙም አትበልጥም።

ጣሊያን ውስጥ ብቻ ከ2.6 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ስፔን ውስጥ ሴአት፣ ዩጎዝላቪያ ውስጥ ዛስታቫ በፈቃድ ሠርተዋታል። ወደ እኛም መጣች። አዲስ አበባ ላይ ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ታክሲ ሆነች፤ አባቶቻችሁን ጠይቋቸው፣ ታጭቀው የሄዱባት ናት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ አየሩ ይሳሳል፣ ካርቡራቶር ያለው ሞተር ወደ ሩብ የሚጠጋ ጉልበቱን ያጣል። ያቺ ትንሽ ሞተር ከዚያ ቀሪ ጉልበት ጋር ሰው ሞልታ ዳገት ስትወጣ የኖረችው በአሽከርካሪዎቹ ትዕግሥትና በመካኒኮቻችን እጅ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሰይቼንቶዎች በራቸው ወደ ኋላ ነበር የሚከፈተው፤ በ1964 ነው የተቀየረው። በሩን አይታችሁ ዕድሜዋን መገመት ትችላላችሁ። የእኔዋን ስታዩ ሞክሩ።

ፊያት የሚለውን ስም ያዙልኝ ብያችሁ ነበር። አባቱን በጦርነቱ ያጣ ሰው በሃያ ዓመቱ የዚያኑ ፋብሪካ መኪና ገዝቶ እንጀራ በላበት። ይህን የምለው ቂም ለመቀስቀስ አይደለም፤ እንዲረሳም አልፈልግም። ቃላቶቻችሁን ተመልከቱ፦ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ላሜራ፣ ባትላሜራ፣ ጎሚስታ። ጋራዥ ውስጥ በየቀኑ የምንጠራቸው እነዚህ ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ሙያው በዚያ በር ገባ፣ እኛ ደግሞ የራሳችን አደረግነው። ዛሬ አንድ የመርካቶ ባትላሜራ «ይህ ቃል የማን ነው?» ብትሉት የእኔ ነው ይላል፤ ልክም ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት ሁሉ መቁጠር አልችልም፤ ሦስት ቀን ብቻ ልምረጥ።

አንደኛው ማርች 15 ቀን 1961 ነው። ጃጓር ኢ ታይፕ የተባለውን መኪና ጄኔቫ ውስጥ ኦ ቪቭ በሚባል መናፈሻ ለጋዜጠኞች ገለጠ። ተሳፍሮ ለመሞከር የፈለገው ሰው በዝቶ አንድ መኪና አልበቃም። የኩባንያው ኃላፊ ዊልያም ላየንስ እንግሊዝ አገር ላለው ለሙከራ ነጂው ለኖርማን ዴዊስ መልእክት ላኩ፤ «ሁለተኛውን መኪና ይዘህ ና።» ዴዊስ ከኮቨንትሪ ማምሻውን ተነሥቶ፣ ባሕሩን በመርከብ ተሻግሮ፣ ፈረንሳይን ሌሊቱን ሙሉ አቋርጦ በነጋታው ጠዋት ጄኔቫ ደረሰ። ሞተሩን አጥፍቶ እንደወረደ ጋዜጠኞችን እያሳፈረ ማሳየት ጀመረ። የፓሪሱን የ1898 ደንብ አስታወሳችሁ? ይነሣና ይሂድ። ይኸኛው ሄዷል።

ሁለተኛው ማርች 1966 ነው፤ ይኸኛው ስለ ሙያችን የሚናገረው አለና ዘርዘር አደርገዋለሁ። ላምቦርጊኒ ያኔ ሥራ ከጀመረ ሦስት ዓመት ያልሞላው ቤት ነው። በ1965 መጨረሻ ላይ ቱሪን ውስጥ ገላ የሌለው ባዶ ሻንሲ ብቻ አሳይቶ ነበር፤ ባለ 12 ሲሊንደር ሞተር ከነጂው ጀርባ በአግድሙ የተቀመጠበት። በወራት ውስጥ በርቶኔ ገላውን ሠርቶ ጄኔቫ አደረሰው። ገላውን የነደፈው ማርቼሎ ጋንዲኒ ነው፤ 27 ዓመቱ ነበር። ከናንተ በጥቂት ዓመት ይበልጣል። መኪናዋ ሚውራ ትባላለች። አዳራሹን የገባ ሁሉ እሷ ጋ ቆመ። ግን የሞተር ክዳኗ አልተከፈተም። ሞተሩ ከገላው ጋር ገና ልክ አልሆነም፤ ጊዜ አልቋል፤ ስለዚህ በሞተሩ ቦታ ክብደት ሞልተው ቆለፉት። ጋዜጠኞች ክዳኑ ይከፈት እያሉ ሲጠይቁ የኩባንያው ሰዎች እያባበሉ ሲመልሷቸው ሰነበቱ።

ይህን ታሪክ ለተማሪ ስነግር ሁልጊዜ ሁለት ወገን ይፈጠራል። አንዱ «አታለሉ» ይላል፤ ሌላው «ጊዜ ገዙ» ይላል። እኔ የምለው ይህን ነው። ሚውራ በኋላ ሞተሯ ገብቶ ተሸጣለች፤ ከ700 በላይ ተሠርታለች፤ ሞተር ከነጂው ጀርባ የማስቀመጥን ነገር ለመንገድ ስፖርት መኪና መንገድ ያስያዘች እሷ ናት። ሥራው እውነተኛ ነበር። ቢሆንም በዚያ ሳምንት ጄኔቫ ላይ የቆመችው መኪና መሄድ አትችልም ነበር፤ አዳራሹም አልጠየቃትም። አውደ ርዕይ ከመንገድ ወደ መድረክ የተሻገረበትን ጊዜ አሳዩኝ ብባል ያንን የተቆለፈ ክዳን ነው የማሳየው። ከአምስት ዓመት በኋላ በ1971 ጋንዲኒ በዚያው ከተማ ቢጫዋን ካውንታች ይዞ መጣ፤ በሮቿ ወደ ሰማይ የሚከፈቱት። የዚያን ጊዜ ልጆች ግድግዳቸው ላይ የለጠፏት እሷን ነው።

ሦስተኛው ማርች 1980፣ አውዲ ኳትሮ። ፎር ዊል ድራይቭ ሲባል እዚህ አገር ወዲያው የሚታየን ላንድሮቨርና ላንድክሩዘር ነው፤ ጭቃ፣ ድንጋይ፣ ገጠር። የአውዲ መሐንዲሶች ፊንላንድ ውስጥ በበረዶ ላይ ሙከራ ሲያደርጉ አብሯቸው የነበረው ኢልቲስ የተባለ የወታደር መኪና በጉልበት ከሌሎቹ በጣም እያነሰ በዚያ መንገድ ግን ይበልጣቸው ነበር። ምክንያቱ አራቱም ጎማ መጎተቱ ነው። «ይህን ለፈጣን መኪና ብናደርገውስ?» አሉ። ባለ አምስት ሲሊንደር ቱርቦ፣ 200 የፈረስ ጉልበት ኩፔ ሆኖ ጄኔቫ ላይ ወጣ፤ ወዲያው ደግሞ በራሊ ውድድር ላይ ሌሎቹን ሁሉ እንዲከተሉት አስገደደ። የጭቃ መኪና ያስተማረው ትምህርት ነው።

የፕላንፓሌው አዳራሽ በዚህ ጊዜ ጠቦ ነበር። በ1982 አውደ ርዕዩ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ወደተሠራው ፓሌክስፖ ተዛወረ። እኔ በማርች 2005 ገብቼ አይቸዋለሁ፤ ከ1905 መቶ ዓመት የሞላበት ጊዜ ነው። ባቡሩ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሥር ያወርዳችኋል፤ ከዚያ ሰው ተከትሎ መሄድ ነው። በዚያ ዓመት ከ700 ሺህ በላይ ሰው ነው የመጣው፤ የከተማዋ ነዋሪ የዚያን ሲሶ አይሞላም። እኔ የማስታውሰው የሚያብረቀርቁትን አይደለም። ተሰንጥቆ የታየ ሞተር ነው፤ ፒስተኑ፣ ቫልቩ፣ ዘይቱ የሚሄድበት ቀዳዳ ሳይቀር በቀለም ተለይቶ። አንድ ሽማግሌ የልጅ ልጃቸውን ይዘው እያንዳንዱን ክፍል በስሙ ሲያስጠሩት ቆሜ አየሁ። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቻለሁ። አሁን ከኋላችሁ ያለውን የተሰነጠቀ ካምቢዮ ለዚህ ወርክሾፕ የሠራነው ያንን በልቤ ይዤ ነው።

እንግዲህ እንዴት ወደቀ?

ገንዘቡ ከበደ። ለአሥር ቀን የሚቆም ዳስ ሲሠራ እንደ ቤት ነው የሚሠራው፤ ፎቅ አለው፣ መብራት አለው፣ ወጥ ቤት አለው፤ ከዚያ ይፈርሳል። አንድ ኩባንያ አዲሱን መኪናውን በራሱ ቀን በኢንተርኔት ቢያሳይ ዓለም ሁሉ እሱን ብቻ ያያል፤ አዳራሽ ውስጥ ቢያመጣው ከሌሎች ጋር ይሻማል። ፎርድና ቮልቮን የመሳሰሉ ትልልቆች መቅረት ጀመሩ። በ2019 ጎብኚው ወደ 600 ሺህ ወረደ። ብዙ ነው፤ ግን መንገዱ ቁልቁል ነበር።

ከዚያ 2020 መጣ። ዳሶቹ ተሠርተው ሊያልቁ ነበር፤ ጋዜጠኞች በቀናት ውስጥ ሊገቡ ነበር። ፌብሩዋሪ 28 ቀን የስዊዘርላንድ መንግሥት በኮሮና ምክንያት ከአንድ ሺህ ሰው በላይ የሚሰበሰብበትን ሁሉ ከለከለ። አናጢው የገጠመውን መልሶ መፍታት ጀመረ። የጄኔቫ ካንቶን 16.8 ሚሊዮን ፍራንክ ሊያበድር ተስማማ፤ ከቅድመ ሁኔታዎቹ አንዱ በ2021 አውደ ርዕዩ እንዲካሄድ ነበር። አዘጋጁ ፋውንዴሽን በዚያ ሁኔታ አልችልም ብሎ አልተቀበለውም። 2021 ቀረ፣ 2022 ቀረ፣ 2023ም ቀረ። በ2023 ኦክቶበር ላይ የጄኔቫ ስም ተይዞ ኳታር ዶሃ ላይ ተከፈተ።

በፌብሩዋሪ 2024 ማብቂያ ላይ ጄኔቫ ራሷ ተመለሰች፤ 91ኛው ነው። ከ1924 ደግሞ ልክ መቶ ዓመት። ከአውሮፓ ትልልቆች ሬኖ ከእህቱ ዳሲያ ጋር መጥቶ አዲሱን ባለ ኤሌክትሪክ ሬኖ 5 ገለጠ። የቻይናዎቹ ቢዋይዲና ኤምጂ ነበሩ። ሌሎቹ የለመድናቸው ስሞች አብዛኞቹ አልመጡም። 168 ሺህ ሰው ጎበኘ። ማርች 3 ተዘጋ። በአሥረኛው ቀን፣ ማርች 13፣ ማርቼሎ ጋንዲኒ አረፈ። ሜይ 31 ቀን ፋውንዴሽኑ የጄኔቫው አውደ ርዕይ ከእንግዲህ እንደማይደረግ አስታወቀ። የሰጠው ምክንያት የመኪና ሠሪዎቹ ፍላጎት መቀነስና በአገራቸው ኢንዱስትሪ የሚደገፉት የፓሪስና የሙኒክ አውደ ርዕዮች ፉክክር ነው።

ይህን የመጨረሻውን ነገር ልብ በሉት። መቶ ዓመት ያቆማት የቤት ልጅ አለመኖሩ ነበር። ችግር ሲመጣ ደግሞ ይኸው ነገር ጎዳት፤ «የእኔ ናት» ብሎ የሚይዛት መኪና ሠሪ አልነበረም። እኔ በዚህ አዝናለሁ። ስልክ ላይ የታየ መኪና በሩ ሲዘጋ የሚያሰማውን ድምፅ አያሰማችሁም። ተንበርክካችሁ ከሥሩ አታዩትም። ፉክክር ላይ ያሉት ሁለት መሐንዲሶች ዳስ ለዳስ ተጎራብተው፣ አንዱ የሌላውን ሥራ በዓይኑ ለክቶ «እንዴት አደረጋችሁት?» የሚባባሉበት ቦታ ሌላ አላውቅም።

በዚያው 2024 መጀመሪያ ላይ አገራችን በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መወሰኗ ተነገረ። በጄኔቫው የመጨረሻ አዳራሽ የቆሙት የቻይና መኪኖች ዛሬ ከዚህ ግቢ ውጭ በአስፋልቱ ላይ ይሄዳሉ። እናንተ የምትጠግኗቸው እነሱን ነው። ካንዴላ የላቸውም፣ ፍሪሲዮን የላቸውም፤ ለነሱ አዲስ ቃል የምታወጡት እናንተ ናችሁ። ምን ብላችሁ እንደምትጠሯቸው ለመስማት እጓጓለሁ።

ጥያቄ ያለው ውጭ ይጠይቀኝ፤ ብርሃኑ ሳይጠፋ እንውጣ። ሁለት ሰው ቀድሞ ይሂድና ሰይቼንቶዋን ወደ መሐል ግቢው ይግፋልኝ፣ ፍሬኗን ለቅቄዋለሁ። የኋላ ክዳኗን እንከፍታለን። ሞተሯ ውስጥ አለ፤ ራዲያተሩም ከጎኑ አለ፤ ትናንት ማታ ካንዴላዎቿን አጽድቻለሁ፣ ባትሪዋም ተሞልቷል። ማን እንደሚያስነሣት እናንተው ተመራረጡ።